ጀርመንኛን ከአማርኛ ተነስተው ላስተማሩኝ መምህር ምስጋና፣ ለጀማሪዎችም ጥቆማ

"ጀርመንኛ ከዜሮ ልጀምር ነው፤ ማንን ትመክሩኛላችሁ?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው አያለሁ። እኔ የምመክረው ሰው አለኝ። የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ኤ1ን፣ አስተምረው ለፈተና ያበቁኝን መምህር በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልፈልግም፤ ምስጋናውም ጥቆማውም አንድ ላይ ይሁን ብዬ ነው የምጽፈው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጠቅሰውም። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ እሳቸውም ስለፈቀዱ አገናኘዋለሁ።

ትምህርቱ በኦንላይን፣ በቪዲዮ እየተያየን፣ በትንሽ ቡድን ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ለይቼ ባልጠቆምኳቸው፤ እንዲህ የሚያስተምር ሞልቷል። እሳቸውን የሚለያቸው ጀርመንኛን ከአማርኛ ተነስተው ማስተማራቸው ነው። አብዛኛው የጀማሪ ቪዲዮና አፕ ሰዋስዉን የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ጀርመንኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ሲያመላልስ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ደግሞስ እንግሊዝኛ የሌለው፣ አማርኛ ግን ያለው ስንት ነገር ጀርመንኛ ውስጥ አለ! እሳቸው እስኪያሳዩኝ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

አንዱን ክፍለ ጊዜ ልንገራችሁ። ስክሪኑ ላይ "እነሱ ይመጣሉ" ብለው ጻፉ፤ ከሥሩ "እርስዎ ይመጣሉ" አሉ። ግሱ ላይ ምን ለውጥ አያችሁ ብለው ጠየቁን። ምንም። ከዚያ ጀርመንኛውን ከጎኑ አስቀመጡ፤ "ዚ ኮመን" ከላይ፣ "ዚ ኮመን" ከታች። እዚያም ግሱ ያው ነው። "እነሱ" የሚለው "ዚ" በትንሽ ፊደል ይጻፋል፣ "እርስዎ" የሚለው በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ሲነገሩ ግን አይለያዩም። አንድን ሰው ለማክበር በብዙ ቁጥር ግስ መናገር አፋችንን ስንፈታ የለመድነው ነገር ስለሆነ፣ ሰዓት ይፈጃል ብዬ የፈራሁት ትምህርት እዚያው አለቀ። "ዱ" አንተንም አንቺንም ይይዛል፤ እዚህ ላይ የእኛው ይበዛል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው አስጠነቀቁን፦ የማናውቀው ጎልማሳ በዕድሜ ከእኛ ቢያንስም "ዚ" ነው የሚባለው፤ በአማርኛ ልማድ አንተ ብለን እንዳንጀምር።

ብዙ ሰው ጀርመንኛን ጥሎ የሚወጣበት አኩዛቲቭ የሚባለው ነገርም እንዲሁ ነበር። "ልጁ ውሻውን ፈለገ" እና "ውሻው ልጁን ፈለገ" የሚሉትን የሚለያቸው "ን" እንደሆነ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሳይማር ያውቃል። ጀርመንኛ ያንን "ን" ስሙ መጨረሻ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ከስሙ በፊት በምትመጣዋ መስተአምር ላይ ያሳያል፤ "ዴር ሁንት" ውሻው ነው፣ "ኢኽ ዙኸ ዴን ሁንት" ደግሞ ውሻውን እየፈለግሁ ነው። ደስ የሚለው፣ በነጠላ ቁጥር እንዲህ የሚለወጠው ወንዴው ብቻ ነው። የሴቴው "ዲ" እንደ "ዲ"፣ ወንዴም ሴቴም ያልሆነው "ዳስ" እንደ "ዳስ" ይቀራሉ። ሠንጠረዡን በቃሌ ከመያዜ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

የግስ ቦታም አለ። "ዛሬ ጀርመንኛ መማር አለብኝ" ለማለት "ኢኽ ሙስ ሆይተ ዶይች ሌርነን" ይባላል። ቀስ ብላችሁ እዩት፤ "ሆይተ ዶይች ሌርነን" ቃል በቃል "ዛሬ ጀርመንኛ መማር" ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሳይነካ። ወደ ሁለተኛ ቦታ ሸሽቶ የሄደው "ሙስ" ብቻ ነው። ዋና ዓረፍተ ነገር ላይ የተረባው ግስ ሁለተኛ ቦታውን አይለቅም፣ አጋዡ ሲመጣ ደግሞ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ግስን መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለእኛ ምን ያቅተናል?

አማርኛው የማያግዝበትንም በግልጽ ይናገራሉ፤ ይህን በጣም አከብርላቸዋለሁ። የስም ጾታ ሦስት ነው፣ ከአማርኛው ጋር አይገጥምም፣ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያት አይሰጥም። ወንበር "ዴር ሽቱል"፣ መስኮት "ዳስ ፌንስተር"። ስለዚህ ማንኛውንም ስም ያለ መስተአምሩ በደብተር ማስፈር አይፈቅዱም። ሆኖም በእጅ የሚያዙትን ምልክቶች አልነፈጉንም፦ በ"ኡንግ"፣ በ"ሃይት"፣ በ"ካይት" እና በ"ሻፍት" የሚጨርሱ ስሞች "ዲ"፣ የማሳነሻው "ኸን" ያለባቸው "ዳስ" (ሴት ልጅ የሚለው "ሜትኸን" እንኳ "ዳስ" የሆነው ለዚህ ነው)፣ የሳምንቱ ቀናትና ወራት "ዴር"።

አነባበብ ላይ ደግሞ ትዕግሥታቸው የተለየ ነው። የቤት ሥራ የምንልከው በቴሌግራም በድምፅ ነው፤ መልሰው የሚልኩት "ጥሩ ነው" የሚል ጽሑፍ ሳይሆን የተሳሳትነውን ቃል ብቻ ነጥለው ደጋግመው ያነበቡበት ድምፅ ነው። ሁለት ነጥብ የሚደረግበትን የ"ኡ" ፊደል ያስተማሩን እንዲህ ነው፤ ከንፈራችሁን ለ"ኡ" አሹሉ፣ እንደዚያው ይዛችሁ "ኢ" በሉ። ባለ ሁለት ነጥቡ "ኦ"ም በዚሁ መንገድ ነው፣ ከንፈር ለ"ኦ" ምላስ ለ"ኤ"። "ኢኽ" የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ያለውን ድምፅ አንዱ "ሽ"፣ ሌላው "ክ" ያደርገዋል፤ እሳቸው "ይ" ለማለት ምላሳችሁን አዘጋጁና ድምፅ ሳታወጡ ትንፋሽ ብቻ ልቀቁ አሉን። ይህን የምታነቡ አሁኑኑ ሞክሩት፣ ይወጣል።

ድርብ ፊደልን በተመለከተ የሰጡን ማብራሪያ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የተሰፋ ነው። እኛ ጠብቆ የሚነበብና ላልቶ የሚነበብ ስላለን፣ "ኮመን" የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት "ኤም" ስናይ ወዲያው "መ"ን እናጠብቃለን። በጀርመንኛ ድርቡ ፊደል የሚናገረው ስለ ተነባቢው ሳይሆን ከፊቱ ስላለው አናባቢ ነው፤ አናባቢው አጭር ነው ማለት ነው። "ኦፈን" በረጅም "ኦ" ምድጃ፣ በአጭር "ኦ" ደግሞ ክፍት ይሆናል፤ "ፈ" በሁለቱም አይጠብቅም። ሌላው ሳድስ ፊደላችን ነው። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ አንዳንዴ ሳይይዝ ስለሚነበብ፣ "ሽቱል" ስንል ሳናውቀው በ"ሽ" እና በ"ቱ" መካከል ትንሽ አናባቢ እንጨምራለን። ስለዚህ የጀርመንኛ አነባበብን በእኛ ፊደል ደብተር ላይ መጻፍ ክልክል ነው። እዚህ የጻፍኩት ለማሳየት ያህል ብቻ ስለሆነ ማንም እንዳያጠናበት። "ሁንት"ም ቢሆን ሲጻፍ በ"ድ" ነው የሚጨርሰው፤ ቃል መጨረሻ ላይ "ድ" እንደ "ት"፣ "ግ" እንደ "ክ" ይነበባል።

ቁጥር ላይ ብዙ አልቆይም፤ 21ን "አንድና ሃያ" ብሎ የሚቆጥር ቋንቋ ነው፣ ጆሮ እስኪለምድ 45 እና 54 ይምታታሉ። ትምህርት ስንጀምር ስልክ ቁጥር በቃል እየነገሩ ያስጽፉን ነበር፤ መድኃኒቱ እሱ ነው።

ለፈተና ለምትዘጋጁ ጥቂት ልጨምር። ኤ1 የአውሮፓ ምክር ቤት ካወጣቸው ስድስት ደረጃዎች የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻው ሲ2 ነው። የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም የሆነው የጎተ ኢንስቲትዩት የአዋቂዎች ኤ1 ፈተና ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አለው፣ ከ100 ነጥብ 60 ያገኘ ያልፋል። የጽሑፉ ክፍል ቅጽ መሙላትና 30 ቃል ገደማ ያለው አጭር መልእክት ነው። መምህሬ እያንዳንዱን መልእክታችንን ሲያርሙ መጀመሪያ የሚያዩት የተጠየቁት ሦስት ነጥቦች በሙሉ መመለሳቸውን ነው፤ ቀጥሎ የጀመርንበት ሰላምታና የጨረስንበት ስንብት መጣጣሙን፣ ማለትም በአንቱታ ጀምረን በጓደኛ አነጋገር አለመጨረሳችንን፤ ሰዋስው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የንግግሩ ክፍል በቡድን ነው፤ ራስን ማስተዋወቅ፣ ስም ፊደል በፊደል መናገር፣ ቁጥር መናገር፣ ከዚያ በካርድ ላይ ባለ ቃል መጠየቅና መመለስ፣ በመጨረሻም አንድ ነገር እንዲደረግልን በትህትና መጠየቅ። ይህን ሁሉ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እየተፈራረቅን ስለተለማመድነው የፈተናው ክፍል አዲስ አልሆነብኝም።

ገንዘብ የሚያስገኝላቸውን ብቻ አይደለም የሚጠቁሙት። ዶይቸ ቬለ በድረ ገጹ ለጀማሪ በነጻ የሚሰጠውን ኮርስ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት በነጻ ያወጣቸውን የፈተና ናሙናዎች ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ አሳይተውናል። ራሱን ችሎ መማር ለሚችል እነዚህ ይበቁሃል ብለው በግልጽ የነገሩት ሰውም አለ። እንዲህ የሚል አስተማሪ ብዙ አላየሁም።

ለሁሉም ሰው ይሆናሉ አልልም። የድምፅ የቤት ሥራ ሳይልክ የመጣ ተማሪ በዚያ ቀን ሰሚ ብቻ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ቢ1 (ሦስተኛው ደረጃ) አድርሱኝ ለሚልም አይመቹም፣ እንደማይሆንም ቀድመው ይነግሩታል። ረጋ ብሎ መሠረቱን መያዝ ለሚፈልግ ግን በሙሉ ልብ የምጠቁማቸው እሳቸውን ነው።

መምህር፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ማታ ደክሞዎትም ቢሆን የእያንዳንዳችንን ድምፅ እስከ መጨረሻው እያዳመጡ ስላረሙን፣ ማንንም በሌላው ፊት ሳያሳፍሩ ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ፣ ከዜሮ የምትጀምሩ ወይም ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ መሆናችሁን፣ የምትማሩትም ለፈተና፣ ለሥራ ወይስ ለትምህርት እንደሆነ አብራችሁ ግለጹልኝ። ቡድን የሚመድቡት በዚያ ነው።