እህቴን ላርስ ሄጄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የወሊድ አገልግሎት እንዴት ነው?

ዘንድሮ አገር ቤት የሄድኩት ለበዓልም ለሠርግም አልነበረም፤ ታናሽ እህቴን ላርስ ነው። እሷና ባለቤቷ የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አዲስ አበባ አልቆ የአዳማው ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት አካባቢ። እኔ ሚኒሶታ ውስጥ በእናቶችና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ሁሉንም ያየሁት በእህትም በባለሙያም ዓይን ነው። የምጽፈው እንደኔ እህቱን ወይም ልጁን ለማረስ ሻንጣ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። የጤና ጣቢያውንም፣ የግል ክሊኒኩንም፣ የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም፤ የታዘብኩት የአንድ ተቋም ችግር ብቻ አልመሰለኝም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አዋላጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ማዋለዱን ያውቁበታል። የሚያሳስበው ልጁ ከተወለደ በኋላ ያለው የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ እናትንም ሕፃንንም እየዞረ የሚያይ ሰው አይበቃም።

ስለ ክትትሉ ብዙ አልልም። እህቴ የምትከታተለው በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነበር። እዚያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ክትባት በነፃ ነው፤ እኛም አልከፈልንም። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ያስፈልጋል። እኔ አብሬያት በሄድኩባቸው ቀጠሮዎች የደም ግፊቷ ሳይለካ የቀረበት ጊዜ የለም፣ ሽንቷም ታይቷል፣ የአይረን እንክብሏንም ተቀብላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የክትትሉን ቁጥር ቢያንስ ከ4 ወደ 8 ያሳደገው የደም ግፊትን የመሰለ ድምፅ የሌለው አደጋ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ወር ያሉት ቀጠሮዎች በወረፋ ምክንያት እንዳይዘለሉ አደራ እላለሁ።

ለአልትራሳውንድ የሄድነው የግል ክሊኒክ ንጹሕ ነው፣ እንግዳ አቀባበላቸውም ጥሩ ነው። ነገር ግን እህቴን «ልጁ ትልቅ ነው፣ በኦፕራሲዮን ብትወልጂ ይሻላል» አሏት። ምክንያቱን ስንጠይቅ ከመጠኑ ሌላ የተነገረን የለም። ልጅቷ በኋላ በምጥ ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች። ኦፕራሲዮን ነፍስ የሚያድን ሕክምና ነው፣ ያስፈለጋት እናት ደግሞ አንድ ሰዓት እንኳ ልትዘገይ አይገባም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ከ20 ከመቶ በላይ ነበሩ። ገጠር ያለችው የሚያስፈልጋትን አታገኝም፣ ከተማ ያለችው ደግሞ የማያስፈልጋት ይሰጣታል። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልሱም በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ምጡ የመጣው ሌሊት ነው። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ በሌሊት ታክሲ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ባለቤቷ መኪና ካለው ጎረቤት ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ነበር። የቀይ መስቀልን 907 እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋን 939 ደግሞ በሩ ላይ ለጥፈናል።

ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ያገኘኋት ሲስተር ወጣት ናት፣ ዕድሜዋ ሠላሳ አይሞላም። እናታችን አብራ እንድትገባ ፈቀደችላት። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የመጀመሪያዋን ልጇን የወለደች የአክስታችን ልጅ ብቻዋን ገብታ በሩ ተዘግቶባት፣ እኛ ደጅ ቆመን ድምፅዋን ስንሰማ ማደራችን ትዝ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ እዚህ በተግባር አየሁት። እናታችን ወገቧን እያሸች «ማርያም ማርያም» ስትል ሲስተርም አብራ ትላለች። እህቴን «ገና ነሽ እናትዬ፣ ተነሽና ተራመጂ» አለቻት። አሁን ምጡ ጠንክሯል የሚባለው የማህፀን በር 5 ሳንቲ ሜትር ሲከፈት ስለሆነ ቀድሞ መቸኮል ቀንሷል። እህቴ በጀርባዋ መተኛት ሲከብዳት በጎኗ እንድትሆን ፈቀደችላት። እንደ ድሮው ተንበርክኮ መውለድ ግን አልጋውም ስለማያመች አልተቻለም።

ልጅቷ ስትወጣ ሲስተር ወዲያው አድርቃ እናቷ ደረት ላይ አስተኛቻት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማህፀኗ እንዲኮማተርና ደም እንዳይፈሳት የሚረዳውን ኦክሲቶሲን ወጋቻት። እትብቱን ለመቁረጥ አልቸኮለችም፤ መርገብገቡን እስኪያቆም ጠበቀች። የዓይን ቅባቱ፣ የቫይታሚን ኬ መርፌው፣ ለእትብቱ የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን፣ ሁሉም በተራው ደረሰ። ጡትም በመጀመሪያው ሰዓት ያዘች። እኔ በሥራ ቦታዬ በዚያ ሰዓት ከምናደርገው የጎደለ ነገር አላየሁም፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው።

ይህ ሙያ በዋዛ የመጣ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረች ሴት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። የንጉሥ ልጅ፣ ራሷም ነርስ የሆነች፣ ከወሊድ አልተረፈችም። በስሟ በተሠራው ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት እ.ኤ.አ. በ1959 የመጡት ሐኪሞቹ ሐምሊን ባልና ሚስት በኋላ የፌስቱላ ሆስፒታሉን አቋቋሙ። በሌላኛው የከተማው ዳር፣ በደስታ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፍቶ ከገጠር የመጡ ሴት ልጆችን እያስተማረ ወደ መጡበት ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱትም በ2011 ከነበሩበት 10 ከመቶ በ2019 ወደ 48 ከመቶ ደርሰዋል። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን አልወረደም። በ2016 ከ1,000 ሕፃናት 29 በመጀመሪያው ወራቸው ሲሞቱ በ2019 የተገኘው ቁጥር 33 ነው። እናቶች ወደ ጤና ተቋም መጡ፤ ሕፃናቱ ግን በዚያው መጠን አልተረፉም። ለምን እንደሆነ በከፊል የገባኝ ከማዋለጃው ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋዎቹ ሁሉ ተይዘዋል። ሌሊቱን የነበሩት አዋላጆች ሁለት ብቻ ናቸው። ሌላ ምጥ ሲመጣ ሁለቱም ወደዚያ ሮጡ። ከወሊድ በኋላ በሚመጣ ደም መፍሰስ የሚሞቱት እናቶች አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የደም ግፊቷ፣ የልብ ምቷ፣ የሚፈሳት ደምና የማህፀኗ መጠንከር ደጋግሞ መታየት አለበት። እህቴን እኔው ከእምብርቷ በታች እየዳሰስኩ አየሁላት። ከአጠገቧ የተኛችው ግን እንደዚያ የሚያይላት አልነበራትም። አንሶላው መራሱን ሳይ ክንዷን ያዝኩት፣ ቀዝቅዟል። «ሲስተር፣ እባክሽ ቶሎ ነይ!» ብዬ ጮህኩ። ሲስተር እየሮጠች መጥታ ማህፀኗን አሸችላት፣ መርፌ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ተከለችላት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆመላት። ያዳነቻት እሷ ናት። በኋላ ሻይ ይዤላት ሄጄ ስናወራ «ሁለት ነን እኮ እህቴ። አንዳችን ስናዋልድ አንዳችን ጨቅላውን ስንቀበል ማን ይዞራል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ በሥራዬ ላይ አንዴ የምይዘው ከሦስት የማይበልጡ እናቶችን ከነልጆቻቸው ነው።

መፍትሔው ሁሉ ውድ ባለመሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአራት የአፍሪካ አገሮች በተሠራ ጥናት እናቲቱ ሥር የሚነጠፍ፣ የሚፈሰውን ደም በምልክት የሚያሳይ የላስቲክ ከረጢት ተጠቅመው ሕክምናውንም ወዲያውና በአንድ ላይ ሲጀምሩ ከባድ የደም መፍሰስና ተያያዥ ጉዳቱ በ60 ከመቶ ቀንሷል። ያንን ላስቲክ እኛ ባለንበት ክፍል አላየሁም።

ሌላው ቅር ያሰኘኝ፣ ጠዋት የገባው ፈረቃ እናቶቹን ቶሎ ለመሸኘት መቸኮሉ ነው። መመሪያው ጤነኛ እናትና ልጅ እንኳ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆዩ ይላል። አልጋ ለሚመጡት ያስፈልጋል፣ ይገባኛል። እኛ በትሕትና ለምነን ቆየን። እናንተም ለምኑ፣ አራሷ ገንፎውን እዚያው ትብላ፣ እዚያው ትደር። አንዲት ሠራተኛ ምጥ ላይ የነበረች ልጅን «ዝም በይ» ብላ ስትቆጣት መስማቴንም አልሰውርም። ጤና ሚኒስቴር ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን መመሪያ ካደረገ ቆይቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ያየኋት ሲስተር እንደዚያ ነበረች፣ ያቺ ሠራተኛ አልነበረችም።

ቤት ከገባን በኋላ ሕፃኗ ቢጫ መሆን ጀመረች። አማቷ «ፀሐይ ይምታት፣ ይለቃታል» አሉ፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ለስላሳ ቅቤ ለማላስ ያዘጋጁም ነበሩ። እኔ እጇንና እግሯን ገልጬ ሳይ ቢጫው መዳፏ ድረስ ወርዷል፤ ይህ በፀሐይ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ሚኒሶታ እያንዳንዱ ሕፃን ከመውጣቱ በፊት የቢጫነቱ መጠን በመሣሪያ ይለካል፤ እዚህ ያንን የሚያደርገው የቤተሰብ ዓይን ነው። ከመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ የሆነ፣ ወይም ጡት የተወ ሕፃን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

የሄድንበት የመንግሥት ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ምርመራውን ፈጥኖ ሠራ፣ የብርሃን ሕክምናው ተጀመረ፣ ተሻላት። ነርሶቹ ጡት አጠባቡን ለእህቴ ቁጭ ብለው አስተማሯት። ነገር ግን አንዱን የብርሃን አልጋ ሁለት ሕፃናት ይጋሩታል፤ ኢንፌክሽን በዚያ መንገድ ነው የሚተላለፈው። እናቶቹም ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ልቤን የሞላው በስተጥግ ያለው የካንጋሮ ክፍል ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በእናቶቻቸው ደረት ላይ በነጠላ ታስረው፣ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቀው ይሞቃሉ። ይህ እንክብካቤ እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ላይ በኢንኩቤተር (በሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን) እጥረት የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ቢታቀፍ ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንድ አባትም ሸሚዙን ከፍቶ ልጁን አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ነርሷ «ጎሽ የኔ ወንድም» እያለች ነው የምታልፈው።

ስለ ሻንጣው ደግሞ። የዱቄት ወተት አትውሰዱ። በየቤቱ ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ ተደርድሮ አይቻለሁ፤ እናቲቱ ጡቷ ሳይሞላ ጡጦ ትጀምራለች፣ ውሃው የማይታመን ከሆነ ሕፃኑ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ቆርቆሮው ሲያልቅ ጡቱም ደርቋል። በምትኩ ቴርሞሜትርና የክንድ ደም ግፊት መለኪያ ውሰዱ። የተረፈውን ገንዘብ እናቲቱ ተኝታ እንድታጠባ ልብስ የሚያጥብና ምግብ የሚሠራ ሰው ለመቅጠር አውሉት።

በሰፈሩ ያለችው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ አየቻቸው። እኔ ስነግራቸው ያልተቀበሉኝን አማቷን «እማማ፣ ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን፣ ለሕፃኗ ግን ከጡት በስተቀር ምንም» ብላ ስታስረዳቸው እሺ አሏት። ባለሙያዋ እንድትመጣ ከወሊዱ በፊት ቤታችሁን አስመዝግቡ፤ ካላስመዘገባችሁ ቤታችሁ አራስ መኖሯን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ከመመለሴ በፊት የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋገርኳቸው። ለሌሊት ፈረቃ ሦስተኛ አዋላጅ እንደሚያስፈልግ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቅጥሩ ግን በእጃቸው አይደለም። እስከዚያው በእርግዝና ክትትል ጊዜ አብሮ ለሚመጣ ቤተሰብ ማህፀን እንዴት እንደሚዳሰስ፣ ምን ያህል ደም ሲፈስ ሲስተርን መጥራት እንዳለበት እንዲማር ጠየቅኳቸው። «ከሰኞ ጀምሮ በጠዋቱ የጤና ትምህርት ውስጥ እናስገባዋለን» አሉኝ። እህቴ ለ6ኛው ሳምንት ክትባት ስትሄድ መጀመሩን አይታ ትነግረኛለች፤ ካልተጀመረም ስልክ እደውላለሁ።