ድምፅና ቪዲዮ ቴክኖሎጂ፦ የ2 ዓመት ወይስ የ4 ዓመት ዲግሪ?

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ «የድምፅና ቪዲዮ ቴክኖሎጂ ልማር» ካለ ከደመወዙ በፊት ብድሩን አስሉ። በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በራሱ ስም መበደር የሚችለው በ1ኛ ዓመት 5,500፣ በ2ኛ 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። ስለዚህ ከዚህ ብድር ኮሚኒቲ ኮሌጅ 2 ዓመት የተማረ ቢበዛ 12,000፣ 4 ዓመት የተማረ 27,000 ዶላር ዕዳ (ወለዱን ሳይጨምር) ይዞ ይወጣል። ውድ የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን ይህ ክፍያውን አይሸፍንም፤ ቀሪው ብዙ ጊዜ በእናት ወይም በአባት ስም በሚወጣ ብድር ይሞላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ ጡረታ ድረስ ሊከተል ይችላል።

ገቢውስ? የስብሰባ አዳራሽ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ለሚገጥም ሰው የሥራ ልምድና እንደ ሲቲኤስ (CTS) ያለ የድምፅና ቪዲዮ ሙያ ማረጋገጫ ትልቅ ዋጋ አላቸው። ባለ 2 ዓመቱ ሥራ ቀድሞ ይጀምራል። ባለ 4 ዓመቱ የሚጠቀመው ወደ ሲስተም ዲዛይን ወይም ወደ ኃላፊነት ሲያድግ ነው። እኔ ብሆን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ፣ ካስፈለገ የትምህርት ክሬዲቴን ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዛውራለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት በመንግሥቱ «ኮሌጅ ስኮርካርድ» ድረ ገጽ ላይ የኮሌጁንና የዘርፉን የተመራቂዎች ገቢና ዕዳ ተመልከቱ።