«ኦሪጅናል የጀርመን ነው» ተብሎ ከውጭ የሚመጣ የሞተር መጋዝ፦ ከመክፈላችሁ በፊት

ከዱባይ፣ ከጓንግዡ ወይም ከአሜሪካ በሰው እጅ የሞተር መጋዝ ለማስመጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡና ወስኑ። ብርቱካንማና ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ካርቶኑ ላይ የጀርመን ባንዲራ ተለጥፎበት «ሽቲል» ተብሎ የሚሸጥ ፎርጅድ መጋዝ ብዙ ነው። ዋጋው የእውነተኛውን ሩብ ቢሆን ነው። ሻጩ ምክንያት አያጣም። አንዱ «ፍሪ ዞን ስለሆነ ቀረጥ የለውም» ይላል፣ ሌላው «ለአፍሪካ ገበያ ተብሎ የተሠራ ነው»፣ ሦስተኛው «መጋዘን እያጸዳን ነው»። ሦስቱንም አትመኑ። ሽቲል ማሽኖቹን የሚሸጠው ጥገና በሚሰጡ ወኪል ነጋዴዎች በኩል ነው፤ ቱቦና ብሎን ከሚሸጥ ሱቅ ጥግ ተደርድሮ አታገኙትም።

በብዛት የሚኮረጁት ሞዴሎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው 070 ነው፣ 106 ሲሲ ገደማ የሆነ ከባድ አሮጌ ንድፍ። ሁለተኛው ኤምኤስ 381 ነው፣ 72.2 ሲሲና 3.9 ኪሎ ዋት። ሦስተኛው ኤምኤስ 660፣ 91.6 ሲሲና 5.2 ኪሎ ዋት። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፣ ምክንያቱም ውሸቱ የሚጋለጠው በቁጥር ነው። «58 ሲሲ፣ 4.5 ኪሎ ዋት» የሚል ተለጣፊ ያለበት መጋዝ ሲቀርብላችሁ አስቡት፦ እውነተኛው ሽቲል ከ72 ሲሲ 3.9 ኪሎ ዋት ብቻ ካወጣ፣ 58ቱ እንዴት ይበልጠዋል? የሽቲሉ ኤምኤስ 291 በ55.5 ሲሲ የሚሰጠው 2.8 ኪሎ ዋት ነው፤ ርካሹ ኮፒ ከዚያም ያንሳል።

58 የተባለው ራሱ ብዙ ጊዜ 58 አይደለም። በገበያ 5800 የሚባለው የቻይና መጋዝ ፒስተን አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 45.2 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው ቀጭን እንጨት አስገቡ። ቮላኖውን (ከሞተሩ ጎን ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ) በእጅ ቀስ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ፒስተኑ ከላይና ከታች ሲደርስ እንጨቱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ቀዳዳው ያዘመመ ከሆነ ልኬቱ ትንሽ ይዛባል፣ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። በምልክቶቹ መካከል 34 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ 45.2ን በ45.2፣ ከዚያ በ0.785፣ ከዚያ በ34 አባዙ። 54,500 ገደማ ይመጣል፣ ማለትም 54.5 ሲሲ። 58 እንዲሆን 36 ሚሊ ሜትር መውጣት መውረድ ነበረበት። «6800» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ይኸው ሞተር ነው፣ የተቀየረው ተለጣፊው ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። 5800ን 5800 ነው ብሎ፣ በ5800 ዋጋ የሚሸጥላችሁ ሰው አላታለላችሁም። ቀላል የግቢ ሥራ ይሠራል፣ ባህር ዛፍ ይቆርጣል፣ መለዋወጫውም እዚህ ከሚገኙት ሁሉ የበለጠ በቀላሉ የሚገኘው የእሱ ነው። የከሰራችሁት ያንኑ ሞተር በጀርመን ስምና በሦስት እጥፍ ዋጋ ስትገዙት ነው።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይለያል? «ቻይና የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሽቲል ራሱ ቻይና ቺንግዳዎ ውስጥ ፋብሪካ አለው። የመለያ ቁጥሩን ተመልከቱ። እውነተኛው በሞተሩ አካል ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ኮፒው ወይ ጭራሽ የለውም፣ ወይ በተለጣፊ ብቻ ነው፣ ወይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሦስት ካርቶን ላይ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ሦስት ካርቶን አስከፍቱ። የፕላስቲኩን መጋጠሚያ ዳስሱ፤ ጠርዙ ሻካራ ሆኖ ትርፍ ፕላስቲክ የተንጠለጠለበት ከሆነ ወይም የብሎኖቹ ራስ ዓይነት የተቀላቀለ ከሆነ መልሱት። ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ላይ የሰንሰለቱ ልክ ተቀርጾ መነበብ አለበት፣ ሰንሰለቱ ላይም የአምራቹ ምልክት መታየት አለበት።

ቀጥሎ መጨመቂያውን (ሞተሩ አየር የሚጨምቅበትን ኃይል) ፈትኑ። የማስነሻውን እጀታ ይዛችሁ መጋዙን በራሱ ክብደት ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ልቀቁት። ጤነኛ ሞተር ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መጨመቂያው ላይ እየቆመ፣ እየተንገጫገጨ ይወርዳል። ሰተት ብሎ ከወረደ ወይ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አይዝም ወይ ሲሊንደሩ ተበላሽቷል። ማስነሻ ማቅለያ ቁልፍ ያለው መጋዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቁልፉ መዘጋቱን አረጋግጡ። በመለኪያ የምትለኩ ከሆነ ደግሞ ከፍታን አስቡ፦ ዱባይ ላይ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያሳየ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 110 አካባቢ ቢያሳይ አልደከመም፣ አየሩ ነው የሳሳው።

የሰንሰለቱን ፍሬን ሳትፈትሹ አትክፈሉ፣ ኮፒዎቹ ሰው የሚጎዱት እዚህ ጋ ነውና። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት መከላከያውን ወደፊት ግፉት፤ ሰንሰለቱ በእጅ ሲጎተት (ጓንት አድርጋችሁ) ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከዚያ ፍሬኑን መልሳችሁ መጋዙን ከጉቶ በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዙት፣ የፊት እጃችሁን ለቃችሁ የባሩ ጫፍ ጉቶው ላይ እንዲወድቅ አድርጉ። ፍሬኑ ራሱ መያዝ አለበት። ፍሬን ጭራሽ የሌለው የ070 ኮፒ ከቀረበላችሁ በነፃም አትቀበሉ።

«ነዳጅ ጨምረን አስነስተን እንየው» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ግን በአውሮፕላን የምትወስዱት ከሆነ ወጥመድ አለው። ነዳጅ የነካው ሞተር፣ ታንኩ ቢደፋም፣ በብዙ አየር መንገዶች በተሳፋሪ ሻንጣ አይጫንም። ቤንዚን ሸትቶ አየር ማረፊያ ላይ ከተያዘ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወይ ሳትሞክሩት በሻንጣ ትወስዳላችሁ፣ ወይ ሞክራችሁ በጭነት ትልካላችሁ። በዚህ ምክንያት ነው ከላይ ያሉት ደረቅ ፈተናዎች ዋጋ የሚኖራቸው።

ከአሜሪካ የሚመጣው ችግሩ ሌላ ነው። መጋዙ እውነተኛ ነው፣ እዚህ ሲደርስ ግን ወላጅ አልባ ይሆናል። ዋስትናው በአብዛኛው ከተገዛበት አገር አይወጣም። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ የእኛ 220 ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። የባትሪው ደግሞ ቻርጀሩ 120 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባው «ከ100 እስከ 240» የሚል ካላነበባችሁ አትሰኩት። ባትሪውን ማምጣቱም ራሱ ጣጣ ነው፦ ከ100 እስከ 160 ዋት ሰዓት ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ትርፍ ባትሪ ከሆነም በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ከ160 በላይ ያለውን መንገደኛ ይዞ መግባት አይችልም። 56 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት 280 ዋት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ አይሆንም። ባትሪ የሌለው የባትሪ መጋዝ ይዞ የመጣ ሰው ለምን እንደከፈለ ያስብበት።

የቤንዚኑ የአሜሪካ የቤት መጋዝ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ሰንሰለት ይይዛል፦ 3/8 ዝቅተኛ የሚባለው (3/8 በኢንች የጥርሱ ርቀት ነው)፣ የመሪው ውፍረት 1.1 ወይም 1.3 ሚሊ ሜትር። መሪ የሚባለው ባሩ ቦይ ውስጥ የሚገባው የሰንሰለቱ ክፍል ነው። እዚህ ተቆርጦ የሚሸጠው ጥቅል ሰንሰለት ርቀቱ 0.325 ኢንች፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባሩ ውስጥ አይገባም። ሰንሰለት ስትገዙ ሦስት ነገር መመሳሰል አለበት፦ የጥርሱ ርቀት፣ የመሪው ውፍረትና የመሪዎቹ ብዛት። ርቀቱን በካሊፐር ለማወቅ የሦስት ተከታታይ ሪቬቶችን ርዝመት ለኩና ለሁለት አካፍሉ። ሦስቱ ሪቬት 16.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.325 ነው፣ 18.6 አካባቢ 3/8 ነው፣ 20.5 ደግሞ 0.404። ሻጭ «ሁሉም ላይ ይገባል» ካላችሁ የትኛውም ላይ እንደማይገባ ቁጠሩት።

አሁን ከፍታው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ በዚህ ከፍታ ሞተሩ አቅሙን ወደ ሩብ ያጣል። 2.2 ኪሎ ዋት የነበረው 1.7 ገደማ ይሰጣል፤ «መጋዜ ደካማ ነው» የሚለው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ ይመጣል። በባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፦ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሲቆርጥ ይታፈናል። መፍትሔው የ«ኤች» ብሎኑን (በከፍተኛ ዙር የሚገባውን ነዳጅ የሚቆጣጠረውን) በሰዓት አቅጣጫ አንድ ስምንተኛ ዙር እየቀነሱ ማዳመጥ ነው። መጀመሪያ ግን ብሎኑን ሳትጫኑ እስኪቆም ጠምዝዛችሁ ዙሩን ቁጠሩና ጻፉት፣ ከዚያ ወደነበረበት መልሱት፤ ከተሳሳታችሁ መመለሻ ይሆናችኋል። ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ከእንጨት ውጭ ስታሽከረክሩት ድምፁ ትንሽ መንተባተብ አለበት፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ይጠራል። ከእንጨት ውጭ እንደ ፉጨት ጥርት ብሎ ከጮኸ ነዳጅ አንሶታል፣ ፒስተኑም ሊነክስ ነው። ይህንኑ መጋዝ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ 500 ሜትር ገደማ፣ ይዛችሁ ስትወርዱ ብሎኑን መልሳችሁ ክፈቱ። ደጋ ላይ ተቀንሶ ቆላ ላይ የሠራ ሞተር አንድ ታንክ ሳይጨርስ ሊቃጠል ይችላል። በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸውን የሚያስተካክሉት አዳዲሶቹ ካርቡራተሮች ይህን ጣጣ ያስቀራሉ፣ ሲበላሹ ግን የወኪሉን ኮምፒውተር ስለሚፈልጉ የትኛውም ጋራዥ በካቻቢቴ አያድናቸውም።

ዘይቱ ላይ የሻጭን ምክር አትስሙ። ለ50 ለ1 ድብልቅ በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው፣ ለ25 ለ1 ደግሞ 40። በ5 ሊትር ጄሪካን 100 ወይም 200 ማለት ነው። ጥሩ የሁለት ምት ዘይት (ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤፍዲ» የሚል) ካላችሁ 50 ለ1 ይበቃል፤ ጥራቱ ያልታወቀ ከሆነና የመጋዙ ኮፒነት ከታወቀ 25 ለ1 ይሻላል። የመኪና ሞተር ዘይት ግን አይሆንም፣ አመዱ ማርሚታውን ይደፍናል፣ ፋሻውንም ያጣብቃል። ዘይት ስትጨምሩ የቤንዚኑ ድርሻ ስለሚቀንስ ካርቡራተሩን እንደገና ማዳመጥ እንዳለባችሁ አትርሱ። የተደባለቀ ነዳጅ ከአንድ ወር በላይ አታቆዩ፤ መጋዙ የሚቀመጥ ከሆነ ታንኩን ደፍታችሁ እስኪጠፋ አሠሩት፣ አለዚያ የካርቡራተሩ ስስ ሽፋን ይደርቃል።

ለሰንሰለቱ የተቃጠለ ዘይት መጠቀም የተለመደ ነው። ብረት ብናኝ ስላለበት የዘይት ፓምፑን ይበላል፣ ለቆዳም መርዝ ነው። በሥራ ላይ የዘይቱ ታንክ ከነዳጁ ጋር እኩል ማለቅ አለበት፤ ነዳጁ አልቆ ዘይቱ ግማሽ ከሆነ መስመሩ ተደፍኗል፣ ባሩም በቅርቡ ሰማያዊ ቀለም ይይዛል።

ሞረድ በልኩ ይገዛል፦ ለ0.325 ባለ 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለ3/8 ባለ 5.2 ወይም 5.5፣ ለ0.404 ባለ 5.5፣ ለዝቅተኛው 3/8 ባለ 4። በ30 ዲግሪ፣ ወደፊት ብቻ፣ ለሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር። ከጥርሱ ፊት ያለው ጉብታ ከ0.65 ሚሊ ሜትር በላይ አይውረድ፣ አለዚያ መጋዙ ይራገጣል። ፎርጅድ ሰንሰለት እዚህ ይለያል፦ ሞረዱ እንደ ቅቤ ይገባል፣ አሥር ግንድ ሳይቆረጥም ይደንዛል። ሰንሰለት በቀየራችሁ ቁጥር ባሩን ገልብጡት። ሁለት ሰንሰለት ባለቀ ቁጥር ደግሞ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርስ ቀይሩ፣ ያረጀ ጥርስ አዲስ ሰንሰለት ይገድላል።

ኮፒ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው የነዳጅ ቱቦው ነው፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አየር ያስገባል። ከዚያ የማስነሻው ስፕሪንግ፣ ከዚያ የክራንኩ ፓራኦሊዮ (የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ)። ነዳጅ ለቃችሁ ሞተሩ ወዲያው ዝቅ ካላለ፣ ወይም ሳትነኩት ከፍ ዝቅ ካለ አየር እየሳበ ነው፤ ካርቡራተር እየጠመዘዛችሁ አትሸፍኑት፣ ቀዳዳውን ፈልጉ።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሞዴሉን ስም ይዛችሁ መርካቶ ሂዱና አምስት ዕቃ ጠይቁ፦ ሰንሰለት፣ ባር፣ የሚያዞረው ጥርስ፣ የካርቡራተር ኪትና የማስነሻ ስፕሪንግ። ከአምስቱ ሦስቱ ከሌሉ ወይ ሌላ ሞዴል ምረጡ፣ ወይ ከመጋዙ ጋር ሦስት ሰንሰለት፣ አንድ ባር፣ ሁለት ጥርስ፣ ሁለት ካንዴላና አንድ ኪት አብራችሁ አስመጡ። ሲከፈልም በካርድ ይከፈል፣ ደረሰኙ ላይም ሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ ይጻፍ፤ «ይህን ጻፍልኝ» ሲባል የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።