ለልጄ ከጃፓን ያስመጣሁት የኬንዶ ቦጉ፣ ከ14 ወር በኋላ (ከ5 ኮከብ 4)

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬ 14 ወር ለልጄ ከጃፓን በኦንላይን ያዘዝኩላትን ቦጉ ነው ምገመግመው። ቦጉ ማለት የኬንዶ ጥሩር ነው፣ ኬንዶ ደግሞ የጃፓኖች የጎራዴ ፍልሚያ፣ ግን በብረት ሳይሆን በቀርቀሃ። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት ሆን ብዬ ነው፣ አዲስ ቦጉ ሁሉ ያምራል፣ ጥሩነቱ ሚታወቀው ላብ ጠጥቶ ደርቆ እንደገና ላብ ሲጠጣ ነው፣ የኔዋ ደግሞ በሳምንት አራት ቀን ነው ምትሰለጥነው ከዛ ላይ የብሄራዊ ቡድን ምልመላ ካምፕ አለ። የሱቁን ስም አልጽፍም፣ ማመሰግናቸውም ምወቅሳቸውም ነገር አለ፣ ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ከየትም ብትገዙ ትለያላችሁ።

ምኖረው ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። ልጄ 19 ዓመቷ ነው፣ ኬንዶ ከጀመረች ስምንት ዓመት አልፏታል፣ እና ያን ሁሉ ጊዜ የክለቡን ቦጉ ነበር ምትዋሰው፣ ለክለብ ልምምድ ምንም አይልም። ለምልመላ ስትጠራ ግን አሰልጣኙ ገና የራስ ቁሩን ስታስር አይቶ አስቆማትና እቃዋን አንድ በአንድ ፈተሸው። ከዛ ወደኔ መጣና ክለብ ውስጥ የራሷ እቃ ነው፣ ቡድን ውስጥ ግን የአምስት ሰው እቃ ነው አለኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ግን ቦጉ ለመግዛት ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ ምነግረው እሱን ነው።

ምክንያቱም የቡድን ውድድር አምስት ለአምስት ሆኖ በተራ ነው ሚወጣው። ሴንፖ፣ ጂሆ፣ ቹከን፣ ፉኩሾ፣ ታይሾ ይባላሉ፣ ታይሾ መጨረሻ ሚወጣው ነው፣ ቃሉም የጦር አዛዥ ማለት ነው። በዓለም ሻምፒዮና አንዱ ግጥሚያ 5 ደቂቃ ነው፣ ቀድሞ ሁለት ኢፖን (ሙሉ ነጥብ ማለት ነው) ያገባ አሸነፈ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ያለውም አሸነፈ፣ እኩል ከሆኑ አቻ ተብሎ ቀጣዮቹ ይገባሉ። መጨረሻ ላይ ስንት ሰው አሸነፈ ተብሎ ይቆጠራል፣ እሱ እኩል ከመጣ የኢፖኑ ብዛት፣ እሱም እኩል ከሆነ ከየቡድኑ አንድ ተወካይ ወጥቶ በአንድ ኢፖን ይለያል። ስለዚህ መሸነፍሽ ላይቀር አንድ ለዜሮ መሸነፍና ሁለት ለዜሮ መሸነፍ ለቡድኑ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ደግሞ ሲሰለፉ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሜንና ኮቴያቸውን (ሜን የራስ ቁሩ፣ ኮቴ ጓንቱ) አድርገው ነው ሚቀርቡት፣ ሶስተኛዋ ሴንፖዋ ስትገባ ነው ማሰር ምትጀምረው፣ የፊተኞቹ ግጥሚያ ቶሎ ካለቀ እሷም ቶሎ መድረስ አለባት። ሜኑ በልክሽ ካልሆነ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ገመዱን ሁለቴ ሶስቴ ትፈቺያለሽ፣ ልጄ ቹከን ሆና ስትገባ በክለቡ ሜን እንደዛ ስትሆን አይቻለሁ፣ ጓደኞቿ ግጥሚያውን ትተው እሷን ነበር ሚያዩት።

እና ልክ ነው ዋናው ነገር። ሱቁ በቅጽ ነው ልኬት ሚቀበለው፣ ከአገጭ በጆሮ በኩል እስከ አናት ዞሮ፣ ከዛ የግንባር ዙሪያ፣ የእጅ መዳፍ፣ ደረት፣ ወገብ። እኛ ቤት አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ ጸጉር። ሹሩባ ስትሰራና ጸጉሯን ስትፈታው ጭንቅላቷ አንድ ልክ አደለም። የሜኑ ፊት ላይ አግዳሚ ብረቶች አሉ፣ ከላይ ስድስተኛውና ሰባተኛው መሃል ያለው ክፍተት ሰፋ ይላል፣ ሞኖሚ ይባላል፣ አይን እዛ ጋ ነው መሆን ያለበት። ጸጉር ሜኑን ወደላይ ከገፋው ሞኖሚው ከፍ ይልና ተጫዋቿ ሳታስበው አገጯን አንስታ ነው ምታየው፣ አገጭ ሲነሳ ደግሞ አቋሟ ሁሉ ይበላሻል፣ ጉሮሮዋም ለተኪ፣ ማለትም ጉሮሮ ላይ ለሚሰነዘረው ውጊያ፣ ይጋለጣል። ይሄን ለሱቁ ጽፌ ስጠይቃቸው በሁለት ቀን ውስጥ መለሱልኝ፣ ለውድድር ምትሰራውን አይነት ሹሩባ ተሰርታ ተለክታ ፎቶ ከፊትና ከጎን እንድንልክ፣ ውስጡን በዛ ልክ እንደሚሞሉት ነገሩን። እናቷ በአንድ እሁድ ቁጭ አድርጋ በቀጭኑ ሰራቻት፣ ለካናት፣ ላክን። ሲመጣ ልክክ ነው ያለው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከውድድር በፊት ሁሌ እንደዛው ነው ምትሰራው። የኛ ሴት ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ይሄን እባካችሁ እንዳትረሱ፣ ቅጹ ላይ ስለ ጸጉር ሚጠይቅ ቦታ የለም።

ሌላ ያስመሰገነኝ ነገር፣ ቅጹ ላይ ሁለት አይነት ሜን ነበር፣ አንዱ ትከሻ ላይ ሚወርደው ጨርቅ አጠር ያለ፣ ለውድድር ሚሆን ቀለል ያለ ተብሎ የቀረበ። ወጣቶቹ እሱን ነው ሚወዱት፣ ክንድ እንደልብ ይነሳል፣ ልጄም እሱን ነበር ምትለምነኝ። አሰልጣኙ ግን አይሆንም አለ፣ የጃፓኑ ፌዴሬሽን መመሪያ ጨርቁ የትከሻውን መገጣጠሚያ መሸፈን አለበት ስለሚል፣ ኮቴውም ከክርን በታች ካለው ክንድ ቢያንስ ግማሹን። ረጅሙን አዘዝን። ካምፕ ላይ አንዷ ልጅ አጭሩን አድርጋ ትከሻዋ ላይ በሳተ ምት የተመታችውን ሳይ በውሳኔያችን ደስ አለኝ፣ ለሁለት ሳምንት ክንዷን ማንሳት አልቻለችም።

ስፌቱ የማሽን ነው፣ በእጅ የተሰፋውን ዋጋ አይታችሁ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ምነግራችሁ፣ ለተማሪ ሚታሰብ አደለም። የኛው ባለ 6 ሚሊ ነው፣ ማለትም የስፌቱ መስመሮች በ6 ሚሊ ሜትር የተራራቁ፣ በሁለት ወር ለሰውነቷ ተገዝቷል። ዶው፣ ማለትም ደረቱ፣ ጥቁር ነው፣ ፕላስቲክ ነገር ነው እንጂ ቀርቀሃ አደለም፣ አንድ ጭረት እንኳ የለውም ማለት ይቻላል። ታሬው ማለትም ወገብ ላይ ሚታሰረውም ጥሩ ነው። ሰማያዊው ቀለም መጀመሪያ ላይ እጅ፣ አንገት፣ ግንባር ላይ ሁሉ ይለቃል፣ የቤታችን ነጭ ፎጣ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል፣ እሱ የኢንዲጎ ጠባይ ነው፣ ጥፋት አደለም።

ኮቴው ላይ ነው ቅሬታዬ። መዳፉ የአጋዘን ቆዳ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሺናዩን (የቀርቀሃውን ጎራዴ) ሲይዙት እጅና እጀታ አንድ የሆኑ ያህል ነው ትላለች። ግን በሰባተኛው ወር የግራ እጇ መዳፍ ተቀደደ፣ ያውም ካምፕ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው። የግራ እጅ ቀድሞ መሄዱ ያለ ነው፣ ኃይሉ ሁሉ እዛ ነው፣ ግን ሰባት ወር አጭር ነው። ሱቁን ስጠይቅ ጃፓን ልከን መዳፉ ይቀየራል፣ ከመላኪያ ጋር ሁለት ወር ይፈጃል አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያለ ኮቴ ምን ልትሆን ነው? በስንት መከራ እዚሁ ጀርመን ቆዳ ሚሰራ ሰው አግኝቼ አስለጠፍኩላት። ስለዚህ ምክሬ፣ በሳምንት ከሶስት ቀን በላይ ለሚሰለጥን ሰው ከመጀመሪያው ሁለት ጥንድ ኮቴ እዘዙ፣ አንዱ ሰው ሰራሽ ቆዳ ይሁን፣ ለልምምድ። አንዱ ኮከብ የሄደው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ሺናዩ። ከቦጉው ጋር ሁለት ሺናይ መጥቶልናል። ሺናይ አራት የቀርቀሃ ፍላጭ በቆዳና በገመድ አንድ ላይ የታሰረ ነው። እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ፣ ቀርቀሃ ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ወንበሩም አጥሩም ቅርጫቱም እሱ ነው፣ ስለዚህ እቃው እንደመጣ ፈትቼ ፍላጮቹን አየሁ፣ አንጓዎቹ እኩል ናቸው፣ ውስጡ ወፍራም፣ ሲያንኳኩት ድምጹ ጥርት ያለ። ጥሩ ቀርቀሃ ነው። ግን ቀርቀሃ እንደሚደርቅ አውቃለሁ፣ ደርቆም እንደሚቀል፣ ያን ግን ከህግ ጋር አላገናኘሁትም። ህጉ ለአዋቂ ሴት 39 ሚባለው ሺናይ ቢያንስ 440 ግራም ይላል፣ ለወንድ 510፣ የእጅ መከላከያው ክብ ሳይቆጠር፣ ርዝመቱ ለሁለቱም ከ120 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። ሲመጡ ሁለቱም 445 ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያው አጠገብ ቆሙ፣ ማንም ልብ አላለም። የካቲት ላይ የቡድን ውድድር ነበር፣ ጠዋት ምርመራ አለ፣ ሺናዩን ሚዛን ላይ ያደርጉታል፣ የወፍራምነት ቀለበት ያሳልፉታል፣ ከዛ ምልክት ይለጥፉበታል። አንደኛው 437 ሆነ፣ ሁለተኛው 438። ሁለቱም ወደቁ።

እዛ ጋ ነው የአምስት ሰው እቃ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ። ያልተፈቀደ ሺናይ ይዞ ገብቶ ለተገኘ ሰው ያገባው ነጥብ ሁሉ ይሰረዛል፣ ለተጋጣሚው ሁለት ኢፖን ይሰጠዋል፣ ከላይ እንዳልኩት ሁለት ለዜሮ ማለት ነው። ልጄ እያለቀሰች አልነበረም ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ታይሾ ሆና ምትሰለፈው ልጅ ከራሷ ሶስት ሺናይ አንዱን አውጥታ ምንም ሳትል ሰጠቻት፣ ሚዛኑ 452። በሱ ነው የተጋጠመችው። ሁለት አቻ አንድ ድል፣ ድሉ በኮቴ ምት ነው፣ ሶስቱም ዳኞች ባንዲራ አነሱ። እናቷ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እኔ እጇን ያዝኩ፣ ኬንዶ ላይ ማጨብጨብ ብቻ ነው። ልጄም ፊቷን እንኳ አልቀየረችም፣ ምክንያቱም መትተሽ ስታበቂ ንቃትሽ መላላት የለበትም፣ ዛንሺን ይሉታል፣ እጅሽን አንስተሽ ብትጨፍሪ የጸደቀው ኢፖን ሊሰረዝ ይችላል። እኛ ጥሎ መፎከር ነው ምናውቀው፣ አያቴ ሲፎክር ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እና ይሄ ነገር ለረጅም ጊዜ ከብዶኝ ነበር። አንዴ ስጠይቃት፣ አባዬ ፉከራውማ አለ፣ ግን ከምቱ በፊትና ከምቱ ጋር ነው፣ ካለቀ በኋላ ያለው የሰውየው ክብር ነው አለችኝ።

አሁን ሺናዮቹ ማሞቂያ የሌለበት ኮሪደር ላይ ነው ሚቀመጡት፣ በወር አንዴ ፈትቼ ዘይት በጨርቅ እቀባቸዋለሁ፣ ስንጥር ካለ በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ፣ የወጥ ቤት ሚዛን ላይም አደርጋቸዋለሁ። ስትገዙ ከዝቅተኛው ክብደት ቢያንስ 15 ግራም ሚበልጥ ምረጡ፣ ደረቅ አገር ምትኖሩ ከሆነ ከዛም በላይ። ሱቁ ይሄን ሊነግረን ይገባ ነበር፣ ጃፓን እርጥብ አገር ስለሆነች ላይታያቸው ይችላል ግን ወደ አውሮፓ ሚልኩ ሰዎች ናቸው።

ዋጋው ሜን፣ ኮቴ፣ ዶ፣ ታሬ፣ ሁለት ሺናይና ቦርሳ ጨምሮ ወደ 820 ዩሮ ነበር፣ መላኪያው ለብቻ፣ ከዛ ጉምሩክ አለ፣ 19 በመቶው ታክስና ቀረጡ ሲጨመር በደንብ ከፍ ይላል፣ ያን አስባችሁ ግቡ። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ጃፓን ቡድን ውስጥ ብዙዎቹ ፖሊሶች ናቸው፣ መሰልጠናቸው ከስራቸው ጋር የተያያዘ ነው፣ የኔዋ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ እየሰራች ነው ግማሹን የከፈለችው። ለምን ይሄን ሁሉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 2024 ሚላን አጠገብ አሳጎ ላይ 19ኛው የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግ ይዣት ሄጄ ነበር። በየሶስት ዓመቱ ነው፣ 1970 ቶኪዮ ላይ የተጀመረ፣ የ2021 የፓሪሱ በኮቪድ ስለተሰረዘ ስድስት ዓመት የተጠበቀ ውድድር ነው። በወንዶች ቡድን ጃፓን የተሸነፈችው አንዴ ብቻ ነው፣ 2006 ታይፔ ላይ፣ በግማሽ ፍጻሜ አሜሪካ አስወጣቻት፣ ዋንጫውን ኮሪያ ወሰደች። ሚላን ላይም ፍጻሜው ጃፓንና ኮሪያ ሆነ፣ ጃፓን አሸነፈች። ልጄ ግን ስታይ የነበረው ትንንሾቹን ቡድኖች ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ሚወድቁትን፣ አምስቱ ተሰልፈው ጎንበስ ብለው ሲወጡ። እዛ መቆም እፈልጋለሁ አለችኝ በባቡር ስንመለስ። ቀጣዩ 2027 ቶኪዮ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፣ ዜከን። ታሬው መሃል ላይ ሚገባ የስም ልባስ ነው፣ ከላይ የቡድን ስም ከታች የተወዳዳሪው። የኛን ነገር ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ተብሎ ወረቀቷ ላይ የገባው የአያቷ ስም ነው፣ የአባቴ። ሱቁ አንድ ፊደል ዘሎ ሰፍቶ ላከው። ጻፍኩላቸው፣ ይቅርታ ጠይቀው በሶስት ሳምንት ውስጥ በነጻ አዲስ ላኩ፣ ጎበዞች። የተሳሳተውን አልጣልኩትም፣ ለልምምድ ታደርገዋለች። ትክክለኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ የላይኛው ቦታ ባዶውን፣ የአገሩን ስም የቡድኑ ዝርዝር ሲወጣ እናስጠልፈዋለን ብላ አስቀምጣዋለች።