የከዚራው የተግባቦት ኮርስ፦ የቱ ያዋጣል፣ የቱ ይቀራል

ሰሞኑን ድሬ ውስጥ «የተግባቦትና የማሳመን ክህሎት ስልጠና» የሚል ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ምሰሶ የለም፤ ቴሌግራሙማ አይወራ። አንዱን ወስጄ ጨርሻለሁ። ከዚራ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ ማሰልጠኛ ነው። ወቀሳም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ደግሞ ሌሎቹን የወሰዱ ጓደኞቼን ስጠይቃቸው ትምህርቱ ያው ነው፣ ስለዚህ የምለው ለሌላውም ይሠራል። እኔ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቬንትሌተር፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን እንሸጣለን። የምፈርደውም በዚያው ዓይን ነው፦ ነገ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ይጠቅመኛል ወይስ አይጠቅመኝም?

ባጭሩ፣ የማዳመጡ ክፍል ገንዘቡን ያወጣል። የማሳመን ዘዴ የሚሉት ክፍል ግን ቀፊራ ገበያ ዞር ዞር ለሚል ሰው በነፃ አለ።

በመጀመሪያ ሰዓቱ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት! አቦ፣ ድሬ ላይ 8 ሰዓት ማን ይማራል? ሱቁ እንኳ ተዘግቶ ሰው ጥላ የሚፈልግበት፣ ግማሹ የሚተኛበት፣ ግማሹ በርጫ ላይ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ወጥቶ እንደመጣ ያስታውቃል። ምሳሌዎቹም እንደዚያው ናቸው። «ከባለሀብት ጋር ሊፍት ውስጥ ብትገናኙ በሠላሳ ሰከንድ ሐሳባችሁን እንዴት ትሸጣላችሁ?» የሚል ልምምድ ነበረ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በኋላ አሰልጣኙ ራሱ ስቆ «እሺ፣ ከሳቢያን ከዚራ ባጃጅ ውስጥ ይሁን» አለ፣ ያኔ ነገሩ ነፍስ ዘራ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

አሁን ወደ ጥሩው። ሁለት ሁለት ሆነን ተቀመጥን፣ አንዱ ሻጭ አንዱ ደንበኛ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሻጩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ደንበኛው ያለውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገራል፣ ደንበኛው «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ሌላ ነገር መናገር ክልክል ነው። ከፊቴ የነበሩት ጥንዶች አንድ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅና አንዲት ፋርማሲ የምትሠራ ሴት ነበሩ። እሷ ደንበኛ ሆነች።

«ይሄ ቬንትሌተር ትናንት ማታ ሦስት ቁጥር ላይ ሳደርገው ጮኸ ጮኸና ቆመ። ልጄ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ።»

እዚህ ላይ የሱቅ ሰው አፉ ላይ የሚመጣው የታወቀ ነው፤ «መብራት ከፍ ዝቅ ብሎ ይሆናል»፣ ወይም «ደረሰኝ ይዘሻል?»። ልጁ ግን ሕጉ ያዘው።

«ቬንትሌተሩ ተበላሽቷል እያልሽ ነው።»

«አይደለም።»

«እሺ፣ ሦስት ቁጥር ላይ ይጮሃል እያልሽ ነው።»

«እሱንም ብያለሁ፣ ግን አይደለም።»

ልጁ ዝም አለ። ላቡን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ልጅሽ ትናንት በሙቀት አልተኛም፣ ዛሬም እንዲሁ ሊያድር ነው ብለሽ ፈርተሻል» አላት። «አዎ!» አለች፤ ስታስመስል የነበረች ሴት ከልቧ ተነፈሰች።

ልብ በሉ፣ ሴትየዋ የፈለገችው ገንዘቧን አይደለም። ዛሬ ማታ የሚነፍስ ነገር ነው። ሱቁ የእሷ እስኪጠገን አንድ ቬንትሌተር ቢያውሳት ነገሩ አለቀ፣ ጭቅጭቅ የለ፣ ገንዘብ መመለስ የለ። ይህን አንድ ልምምድ ብቻ ደጋግመው ቢያሠሩን ኖሮ ለኮርሱ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ሱቅ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ሁልጊዜ አይሠራም። ተናዶ ለመጣ ሰው ያለውን ሁለት ሦስት ጊዜ ብትደግሙለት «ታሾፍብኛለህ እንዴ?» ይላችኋል። አንዴ በቂ ነው። በተጨማሪ አሰልጣኙ የሰጠን አባባል፣ «እንደተረዳሁዎት ከሆነ እርስዎ…» የሚለው፣ እኛ ጋ አይሄድም። ድሬ ሽማግሌውም «አንተ» የሚባልበት ከተማ ነው፤ በእርስዎ ስትጀምሩ ሰውየው ነገር የፈለጋችሁት ይመስለዋል። «አቦ፣ ሌሊቱን አላስተኛህም በለኛ!» ማለት ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ያውም በተሻለ።

የማሳመኑ ክፍል ላይ ስንመጣ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሮበርት ቻልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1984 የዘረዘራቸውን ስድስት መርሆች ነው ያስተማሩን፦ ውለታ መመለስ፣ በቃል መጽናት፣ ሌላው የሚያደርገውን ማየት፣ የባለሙያ ሥልጣን፣ መውደድ፣ እጥረት። መርሆቹ ላይ ጠብ የለኝም። ግን ቀፊራ ማንጎ የምትሸጠዋን ሴት እዩአት። ገና ሳትደርሱ ፊታችሁን አይታ በኦሮምኛ ይሁን በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ ሰላም ትላችኋለች። ቆርሳ በቢላዋው ጫፍ ታቀምሳችኋለች፣ ከቀመሳችሁ በኋላ ባዶ እጅ መሄድ ይከብዳል። «አሁን የሄደችው ሦስት ኪሎ ነው የወሰደችው» ትላለች። «የቀረኝም ይሄው ነው» ትጨምራለች፣ ከኋላዋ ሌላ ሙሉ ጆንያ ተቀምጦ። ከስድስቱ አራቱን ጨረሰች እኮ፣ ያለ ስላይድ።

አንድ ነገር ግን አበሳጭቶኛል። አሰልጣኙ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋን የኤለን ላንገርንና የባልደረቦቿን እ.ኤ.አ. የ1978 ጥናት ነገረን። ኮፒ ማሽን ላይ ቅድሚያ እንዲሰጡ የተጠየቁ ሰዎች ናቸው። አምስት ገጽ ብቻ ላንሳ ተብለው ያለ ምክንያት ሲጠየቁ 60 በመቶ ፈቀዱ፤ «ስለቸኮልኩ» ሲባሉ 94፤ «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» የሚል ምክንያት የማይባል ምክንያት ሲሰጣቸው እንኳ 93። «ስለዚህ ምንም ይሁን ምን ምክንያት ስጡ፣ ሰው ይስማማል» አለን። እዚያ ላይ አቆመ። የጥናቱን ሌላ ግማሽ ዘለለው። ጥያቄው ሃያ ገጽ ሲሆን ባዶው ምክንያት ምንም አልረዳም፦ ያለ ምክንያት 24፣ በባዶው ምክንያትም 24፣ በእውነተኛው ምክንያት 42 በመቶ። ለእኔ ዋናው ትምህርት ይሄኛው ነበር። ሂሳብ ከፍሎ ፍሪጅ የወሰደና በሳምንቱ የተበላሸበት ሰው አምስት ገጽ አይደለም። እሱን በባዶ ወሬ አትሸኙትም።

ከዚያ ደግሞ ያ የታወቀ ስላይድ አለ፦ ከመልእክታችን 7 በመቶው ቃል፣ 38ቱ የድምፅ ቃና፣ 55ቱ የፊትና የሰውነት ሁኔታ። እውነት ቢሆን እኔ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ቆሜ ሁለት ነጋዴዎች በሶማሊኛ ሲከራከሩ 93 በመቶውን በገባኝ ነበር! የገባኝ አንደኛው መናደዱ ብቻ ነው። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ሙከራዎች ነው። ሙከራዎቹም በነጠላ ቃላት የተሠሩ፣ መውደድና መጥላትን የሚመለከቱ ናቸው። ለማንኛውም ንግግር እንደማይሠራ ሰውየው ራሱ ተናግሯል። ይህን አንስቼ ጠየቅኩ፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ተብሎ ታለፈ። የማዳመጥ ኮርስ ላይ መሆናችንን አትርሱ።

የግሪኩ ፈላስፋ የአሪስቶትል ሦስቱ የማሳመኛ መንገዶች፣ ማለትም የተናጋሪው ተአማኒነት፣ የአድማጩ ስሜትና ማስረጃው፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አለፉ። በቂ ነው። ጽሑፎቹ ግን በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ግማሹ ክፍል በጎን እየተጠያየቀ ነው የሚረዳው። ለሰርተፊኬቱ ለብቻ ይከፈላል፣ ያውም የሚነግሯችሁ መጨረሻ ላይ ነው። መክፈሉ ካስቸገራችሁ ተከራክራችሁ በሁለት ጊዜ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ እኔ በዚያ መንገድ ነው የጨረስኩት። እሱም ማሳመን ነው።

ማን ይውሰደው? ቀኑን ሙሉ የሰው ቅሬታ የሚሰማ፤ ፋርማሲ፣ ባንክ መስኮት፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ የቀበሌ ቢሮ። ተጋፍጦ መናገር የሚያስፈራውም ይሂድ፣ ልምምዱ ያፍታታዋል። መሸጥ ልማር ብሎ ለሚመጣ ግን አልመክርም፣ ቀፊራ ይበቃዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ምን ያህሉ ልምምድ፣ ምን ያህሉ ስላይድ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ቀን በነፃ ገብታችሁ እንድታዩም ጠይቁ፣ አይከለክሉም። እኛ ክፍል አንዲት ልጅ እንደዚያ ገብታ፣ የ7 በመቶው ስላይድ ላይ ደርሳ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።