ሹክ የሚለው ካርትሪጅ፦ ዴኖን ዲኤል-103 ከስምንት ወር በኋላ

ካርትሪጅ ማለት ሸክላ ማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠመው፣ መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ትንሽ ዕቃ ነው። ዲኤል-103ን የገጠምኩት ቀን ገንዘቤን ውኃ የበላው መሰለኝ። ቮሊዩሙን እስከ ጥግ አዙሬው እንኳ ዘፋኙ ጎረቤት ግቢ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ከዘፈኑ በላይ የሚሰማው ሽሽታው ነው። ባለቤቴ ከጓዳ «አቦ፣ ሬዲዮኑ ጣቢያ አልያዘም እንዴ?» አለችኝ።

ካርትሪጁን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ነው በሻንጣዋ ይዛልኝ የመጣችው። ሸክላ ማጫወቻው የአባቴ ነው። ክንዱ ከባድ ነው፤ ዲኤል-103 ደግሞ ከባድ ክንድ ይወዳል። መርፌው 2.5 ግራም ተጭኖት ነው የሚሠራው። እዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነበር።

የጎደለው ጌይን ነው፣ ማለትም ደካማውን ሲግናል የማጉላት አቅም። የድሮው ካርትሪጄ የሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ስለሆነ ወደ 4 ሚሊቮልት ያወጣል። በዲኤል-103 ግን የሚንቀሳቀሰው ኮይሉ ነው። መርፌው እንዳይከብደው ሽቦው ጥቂት ዙር ብቻ ነው የተጠመጠመው፤ ስለዚህ የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ነች። የነበረኝ ፎኖ ፕሪአምፕ (ከዋናው አምፕ በፊት የካርትሪጁን ሲግናል የሚያጎላው) ጌይኑ 40 ዴሲቤል፣ ማለትም 100 እጥፍ ነው። 4ቱን 400 ያደርግልኛል፤ አምፑም በዚያ ይጠግባል። 0.3ቷ ግን 30 ላይ ትቀራለች። ቀሪውን በቮሊዩም ልሞላ ስታገል አብሮ የሚያድገው ሽሽታው ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርትሪጁን ስረግም ከረምኩ።

ከዚያ ጌይኑ የሚቀያየር ፕሪአምፕ አገኘሁ፦ 40፣ 45፣ 60 እና 65። ስግብግብ ነኝና በቀጥታ 65 ላይ አደረግኩት። ሦስት ቀን ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ከአባቴ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አንዱን፣ በጣም ጮክ ተደርጎ የተቀረጸውን፣ አስገባሁ። ጥሩምባዎቹ ሲገቡ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሸክላው አርጅቷል ብዬ ላስቀምጠው ነበር። ወደ 60 መልሼ ያንኑ ቦታ ደገምኩት። ጥሩምባው ጠራ! 60 ማለት 1000 እጥፍ ነው፤ 0.3ቷ 300 ትሆናለች፣ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። ሎዱንም (ፕሪአምፑ ለካርትሪጁ የሚያሳየውን ሬዚስታንስ) 100 ኦም ላይ ትቼዋለሁ። 47 ሺህ ላይ ሲምባሉ ጆሮ ይበጣል።

1000 እጥፍ የሚያድገው ግን ሙዚቃው ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን የድሮ ነው፣ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም። ሸክላ ሳይኖር «እምምም» የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። ፕሪአምፑ አምፑ ላይ ተደርቦ ስለነበር የአምፑን ትራንስፎርመር ጩኸት እየለቀመ ነው። አንድ ክንድ ያህል ሳርቀው ግማሹ ጠፋ። ግማሹ የኔው ጥፋት ነው፤ የማጫወቻውን ቀጭን ግራውንድ ሽቦ ከፕሪአምፑ ጀርባ ብሎን ላይ ማሰር ረስቼዋለሁ። (ይህን ለማንም አልተናገርኩም።)

ድምፁስ? የሰው ድምፅ ላይ ወፍራምና ቅርብ ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማኛል። በጣም ቀጭኑ የላይኛው ድምፅ ላይ ከሱ የሚበልጥ ሞልቷል። እውነቱን ለመናገር፣ በድሬ ሙቀት ማራገቢያው እየዞረ ልዩነቱ ግማሽ በግማሽ ይጠፋል። ጥሩው ሰዓት ከምሽቱ አራት በኋላ ነው፣ ሲነፍስ።

የማልወድለት መርፌው አይቀየርም። ከሰበርከው ካርትሪጁ በሙሉ ሄደ ማለት ነው፣ ወይም ውጭ ልከህ ታስጠግናለህ። አቧራ ስንወለውል ጨርቅ አጠገቡ እንዲደርስ አልፈቅድም። ልጆቹ ሲያጫውቱ የድሮውን ካርትሪጅ በራሱ ሄድሼል (ከክንዱ ጫፍ ተነቅሎ በሚወጣው መያዣ) እገጥምላቸዋለሁ፣ ክብደቱንም አስተካክላለሁ። ያኔ ጌይኑን ወደ 40፣ ሎዱንም ወደ 47 ሺህ መመለስ ነው። አንዴ ጌይኑን ብቻ ረስቼ 60 ላይ መርፌውን ሳሳርፍ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ተነሳ።