ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ? የሜታቦሊዝም መዛባት አንጎልን ሲጎዳ

ሜታቦሊዝም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደሚያስፈልገው ንጥረ ነገር የሚለውጥበት ሂደት ነው። ይህ ሲዛባ በአንጎል ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በምስል ለማየት ሲቲ ስካን (በኤክስሬይ) ወይም ኤምአርአይ (በማግኔት) ይነሳል።

ፍጥነትና ዋጋ፦ ሲቲ ስካን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ኤምአርአይ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ይወደዳልም።

ጉዳት፦ ሲቲ የኤክስሬይ ጨረር አለው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ሆኖም ሕፃን በመሣሪያው ጩኸት ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ስለማይተኛ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል። የሜታቦሊዝም ችግር ላለበት ልጅ ከማደንዘዣ በፊት መጾም ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ወላጆች ሆይ፣ ይህንን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የሚያሳዩት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሲቲ ደም መፍሰስንና በአንጎል ውስጥ የተከማቸ ካልሲየምን አጥርቶ ያሳያል፤ ረቂቁ ጉዳት ግን ያመልጠዋል። ኤምአርአይ ይህንን ረቂቅ ጉዳት ያወጣዋል፤ የሜታቦሊዝም ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ በግራና በቀኝ ተመሳስሎ ይታያል። በቫይታሚን ቢ1 እጥረት የተጎዳ ሰው ታላመሱ (በአንጎል መሃል ያለ ክፍል) በሁለቱም በኩል በምስሉ ላይ ነጥቶ ሊታይ ይችላል። መዳብ በሚከማችበት የዊልሰን በሽታ ደግሞ በመካከለኛው አንጎል ላይ የፓንዳ ፊት የሚመስል ምስል አንዳንዴ ይታያል። በዚያው መሣሪያ የሚሠራው ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም በአንጎል ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን የሚለካ ምርመራ፣ ኃይል የማመንጨት ሂደት ሲታወክ የሚጠራቀመውን ላክቴት የተባለ ኬሚካል ይለካል።

ድንገት ራሱን ለሳተ ወይም ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ሲቲ ይቅደም። እድገቱ ወደኋላ ለሚመለስ ልጅ ወይም ምክንያቱ ላልታወቀ የእጅ መንቀጥቀጥ ኤምአርአይ ይመረጣል። የደም ስኳር ምርመራና የቢ1 መርፌ ግን የትኛውንም ምስል መጠበቅ የለባቸውም፤ ኤምአርአዩ ንጹህ ቢሆንም እንኳ የቢ1 እጥረት ሊኖር ይችላል።